የመስቀል ወፍ የት ይከርማል?



ባለፈው ታኅሣሥ ወር መጨረሻ የቤታችን አባወራ ለገና በዓል የ15 ቀን ፈቃድ አግኝቶ ከግዳጅ ቦታው ሲመጣ፣ የሰባት ዓመት ሴት ልጃችን ከበሩ መቃን ተደግፋ ብዙ አየችው። ቀርባ ግን አልሳመችውም። ወደ ጓዳ ተመልሳ «እማዬ፣ የመስቀል ወፍ መጣ» አለች። ቃሉን ያገኘችው ከእኛው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ የሚጠፋን ሰው የመስቀል ወፍ ማለት በአገራችን የቆየ ልማድ ነውና፣ እኛም የወታደር ሚስቶች በቡና ላይ ተሰብስበን ስንጫወት ባሎቻችንን በዚህ ስም ማንሳታችን አይቀርም። በትልልቆቹ ዘንድ ቀልድ የነበረው ነገር ከልጅ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ መልክ ያዘ። አባቷ ሻንጣውን መሬት ላይ እንዳኖረ ቆሞ ቀረ፤ አንዳች ቃልም አልተነፈሰ።

ያን ምሽት ሊጠይቁን የመጡት ጎረቤታችን ጨዋታውን ለማለዘብ ብለው ይመስለናል፣ የእኅታቸውን ልጅ ነገር አነሡ። ወጣቱ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ በዲንሾ የሚኖር አስጎብኚ ነው። «ወፍ ለማየት ከታኅሣሥና ከጥር የተሻለ ወቅት የለም ይለኛል። ልጆቹም ትምህርት ዘግተዋል። ለምን አብረን አንሄድም?» አሉ። ሁለቱ ቤተሰቦች የእቁብ ገንዘባችንን አዋጥተን አንድ ሚኒባስ ተከራየን፤ አስጎብኚውም እስከ ባቱ ወርዶ ሊቀበለን ቃል ገባ። ወሬው በሰፈሩ ሲሰማ ያልሳቀብን ሰው አልነበረም። «ወፍማ ከጣራችን ላይ ሞልቶ የለም ወይ?» ላሉን እናቶች በዚያን ጊዜ የምንሰጠው መልስ አልነበረንም። አሁን ግን ስላለን፣ እነሆ ለአንባብያን እናቀርባለን።

ጉዞአችን የተጀመረው በውኃ ዳር ነው። ቀድሞ ዝዋይ ትባል የነበረችው የባቱ ከተማ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ወፍ ሳይንጫጫ ተነሥተን ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባዎቻቸውን ወደሚያስጠጉበት ወደብ ወረድን። ፀሐይ ስትፈነጥቅ ከሁሉ አስቀድመን ያየናቸው አባ ኮዳዎችን ነበር። መላጣ ራሳቸውን በትከሻቸው መካከል ቀብረው፣ ክንፋቸውን እንደ ካባ ደርበው፣ ግብር እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች ከአስጋሪዎቹ ኋላ ተሰልፈው ቆመዋል። አስጋሪው የዓሣውን ሆድዕቃ በወረወረ ቁጥር ያ ሁሉ ግርማ ይፈርስና ሽሚያው ይጀመራል። ከእነርሱ ወዲያ ፔሊካኖች እንደ ነጭ ጀልባ ይንሳፈፋሉ። ከሾላው ጫፍ ላይም ራሱና ደረቱ እንደ በረዶ የነጣው ዓሣ በል ንስር አንገቱን ወደ ኋላ ቀልሶ ይጮኻል።

አስጎብኚያችን አንድ የርቀት መነጽር ለልጃችን ሰጣት። አዙራ ብትመለከትበት ወፎቹ ሁሉ የባሰ ራቁባት፤ አቅንታ ብትይዘውም ከሰማይ በቀር የሚታያት ነገር ጠፋ። በዚህ ጊዜ አባቷ፣ መነጽር የሥራው መሣሪያ ነውና፣ ዝም ብሎ ማየት አልቻለም። ከአጠገቧ ተንበርክኮ «መጀመሪያ በባዶ ዐይንሽ ፈልጊው። ካገኘሽው በኋላ ዐይንሽን ሳትነቅዪ መነጽሩን ወደ ዐይንሽ አምጪ እንጂ አንገትሽን ወደ መነጽሩ አታጎንብሺ» አላት። ክርኗ እንዳይንቀጠቀጥ በመዳፉ ደገፈላት። «አገኘሁት!» ብላ ስትጮህ አባ ኮዳው ደንግጦ ተነሣ። ከመጣ አራት ቀን ሆኖት ነበር፤ እጁን በክንዷ ላይ ሳትሸሽ ያቆየችለት ያን ጊዜ ነው።

በሐይቁ ዳር በሚግጡት ከብቶች እግር ሥር ጅራቷን ሽቅብና ቁልቁል እየወዘወዘች የምትሮጥ አንዲት ቢጫ ወፍ ነበረች። በየመስኩ የምናውቃት ስለሆነች ማንም ልብ አላላትም። አስጎብኚው ግን «ይህቺ እንግዳ ናት» አለን። ክብደቷ 20 ግራም እንኳን አይሞላም፤ የተፈለፈለችው ግን ከአውሮፓ ወይም ከእስያ ሜዳዎች በአንዱ ነው። በዚያ አገር ክረምት ማለት የእኛ ዓይነት ዝናምና ልምላሜ ሳይሆን በረዶ ነው። ቀኑ ያጥራል፤ ውኃው ይረጋል፤ ትሉና ነፍሳቱ ሁሉ ይጠፋሉ። የእኛ አገር ዝናም ደግሞ የሚያባራው ያ ብርድ ሊገባ ሲል ነው። ስለዚህ የእነርሱ ክረምት በእኛ በጋ ላይ ይውላልና፣ ወፎቹ በመስከረምና በጥቅምት መጥተው እስከ መጋቢትና ሚያዝያ በዚሁ ይሰነብታሉ። በሸምበቆው ጥግ ተሸሽገው ይዋኙ ከነበሩት ዳክዬዎች አንዳንዶቹ፣ ከራሳችን በላይ ካንዣበቡት ንስሮችም ብዙዎቹ እንዲሁ የሰሜን እንግዶች ናቸው።

የንስሮቹ መንገድ በተለይ የቤታችንን ወታደር አስደነቀው። ከሩስያ ደቡብ አንሥቶ በካዛኪስታን በኩል እስከ ሞንጎልያ ባለው ሜዳ የሚፈለፈለው ንስር ወደ እኛ ሲመጣ ሰፊ ባሕር መሻገር አይወድም። ክንፉን ዘርግቶ ያለ ድካም የሚንሳፈፈው ከሞቀ ምድር በሚነሣ አየር ላይ ስለሆነ፣ ውኃ ላይ ይህ ድጋፍ ይጎድልበታል። ስለዚህ የዓረብን ምድር ይዞ ይወርድና ቀይ ባሕር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ወደሚጠብበት ወደ ባብ ኤል መንደብ ሰርጥ ያመራል፤ ከዚያም በጅቡቲ ጠረፍ ወደ አፍሪካ ቀንድ ይገባል። በ1980 ዓ.ም. መጸው፣ ማለትም በ1987 እ.ኤ.አ.፣ በዚያ ጠረፍ ላይ ቆመው የቆጠሩ ሰዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ240 ሺህ በላይ አዳኝ አሞራዎች ሲሻገሩ መዝግበዋል። አባወራችን ይህን ሲሰማ «ማን መንገድ ይመራቸዋል?» ብሎ ጠየቀ። ፀሐይ፣ ከዋክብትና የምድር መግነጢስ እንደሚረዷቸው፣ ከትንንሾቹ ወፎች መካከል ግን ብዙዎቹ የመጀመሪያ ጉዞአቸውን ያለ አባትና እናት እንደሚያደርጉት አስጎብኚው ነገረን።

በማግሥቱ ወደ አብያታና ሻላ ሐይቆች አለፍን። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሻላ ጥልቀቱ ከ250 ሜትር የሚበልጥ፣ በገደል የተከበበ ጥቁር ውኃ ነው። አብያታ ደግሞ ዝርግና ጥልቀት የሌለው ነው። ፍላሚንጎዎች በዳርቻው ረድፍ ሠርተው፣ መንቁራቸውን ገልብጠው ከውኃው ውስጥ ደቃቅ ምግባቸውን ያጠላሉ፤ ያ የሚያምር ሮዝ ቀለማቸውም ከዚሁ ምግብ የሚገኝ ነው። ልባችንን የነካው ግን የፔሊካኖቹ ታሪክ ነበር። ፔሊካኖች ጎጆአቸውን የሚሠሩት ሰውና አውሬ በማይደርስባቸው የሻላ ደሴቶች ላይ ነው። ዓሣ የሚያጠምዱት ግን በቅርቡ በአብያታ ነበር። ከአብያታ ገባሮች ለመስኖ፣ ከሐይቁም ለሶዳ ምርት ውኃ እየተቀዳ ሐይቁ በመጉደሉ፣ ጨዋማነቱም በመበርታቱ ዓሣው መነመነ። ስለዚህ ወላጆቹ የልጆቻቸውን ቀለብ ፍለጋ እስከ ዝዋይና ወደ ሌሎች ሐይቆች መብረር ግድ ሆነባቸው።

ልጃችን «ታዲያ ልጆቹ ብቻቸውን አይፈሩም?» አለች።

አስጎብኚው «ትንንሽ ሳሉ አንዱ ወላጅ ሲሄድ ሌላው አብሮ ይቀራል። ከፍ ሲሉ ደግሞ ጎረቤታሞቹ ልጆች አንድ ላይ ተጠጋግተው ይጠብቃሉ» ሲል መለሰላት። በሚኒባሱ ውስጥ የነበርነው ሁለት እናቶች ተያየን። ከዚያ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ብዙ አልተነጋገርንም።

ከሻሸመኔ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ዲንሾ ስንደርስ ብርዱ ጋቢ በጋቢ ላይ አስደረበን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረ ምድር ነው። በጋይሳይ መስክ የደጋ አጋዘኖች ከእኛ ከመቶ እርምጃ ባልበለጠ ርቀት ሲግጡ አየን። በማግሥቱ በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ ወጣን። አምባው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4,000 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን፣ በላዩ የቆመው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በጠዋት ስንደርስ በየጉድጓዱ ያቆረው ውኃ በስስ በረዶ ተሸፍኖ ነበር። ጅብራዎቹም ከጉም ውስጥ ብቅ ብለው ተገትረዋል። «እንደ ጅብራ ተገተረ» የሚለውን አባባል ስንት ጊዜ ተናግረነው ሳለ፣ ጅብራ እንዴት እንደሚቆም ያየነው ያን ቀን ነው። የጎረቤታችን ትንሽ ልጅ ራሱን አሞት ስለነበር ከፍታው ላይ ብዙ አልቆየንም። በዚያች ጥቂት ሰዓት ግን ያየነው አይረሳም።

በኩሬው ዳር ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚግጡት ክንፈ ሰማያዊ ዝይዎች ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ከእነርሱ ራቅ ብሎ በሣሩ መካከል መሬቱ ይንቀሳቀሳል። ባሌን ብቻ መኖሪያው ያደረገው ትልቁ ፍልፈል አፈሩን እየገፋ ብቅ ይላል። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ደግሞ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ ቆማለች። ፍልፈሉ ከገለበጠው አፈር ውስጥ ትሉን ለቅማ ትበላለች፤ አደጋ ስታይ በጮኸች ጊዜ ደግሞ ፍልፈሉ ሰምቶ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ለዚህ ዘብ መቆም ምክንያቱን ለማየት ብዙ አልጠበቅንም። አንድ ቀይ ቀበሮ ከጭጋጉ ወጥቶ፣ ጆሮውን ወደ መሬት ቀስሮ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ ቀጥ አለ። ወፊቱ ጮኸች፤ ፍልፈሉ ገባ፤ ቀበሮውም ባዶ አፉን ሄደ። ለአቅመ መውለድ የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች በአገሪቱ ሁሉ ተደምረው 500 እንኳን እንደማይሞሉ ስንሰማ ግን፣ ፍልፈሉ በማምለጡ የተደሰትነው ሰዎች ለቀበሮውም ማዘን ጀመርን።

ከሳነቴ ቁልቁል ወደ ሐረና ደን ሲወረድ ዓለም በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለወጣል። በመጀመሪያ ሽበት በመሰለ ሽበቶ የተሸፈነው የአስታ ዛፍ ይቀበላል። ቀጥሎ ኮሶው፣ ቀርከሃውና ዝግባው ይመጣል። ዝቅ ሲባል ደግሞ ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና በጥላው ሥር በቅሎ ይታያል። የደኑ ሰዎች የንብ ቀፎአቸውን በረጃጅም ዛፎች ላይ ሰቅለዋል። በደን ውስጥ ወፍን በዐይን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ቅጠሉ ሁሉን ይሸፍናል። አስጎብኚያችን «ዐይናችሁን ጨፍናችሁ አድምጡ» አለን። ስምንት ሰዎች በአንድ የወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠን ጸጥ አልን። ጥቂት ቆይቶ ከቁጥቋጦው ውስጥ ጥርት ያለ ፉጨት ተሰማ፤ ወዲያው ደግሞ ከሌላ ቦታ የሚንቀጠቀጥ መልስ ተከተለው። አገሯ ኢትዮጵያ ብቻ የሆነች አንዲት ግራጫ የደን ወፍ ከጥንድዋ ጋር የምትቀባበለው ዜማ እንደሆነ ተነገረን። እርስ በርስ ሳይተያዩ «አለህ?» «አለሁ» የሚባባሉ ይመስላሉ። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች የሚለውን ተረት ያወረሱን አባቶች ብዙ ጊዜ በደን ውስጥ ጸጥ ብለው የተቀመጡ ሰዎች መሆን አለባቸው።

በመልሱ ጉዞ አዳባ አጠገብ ሚኒባሱ ጎማው ተነፈሰ። ሹፌሩ ሲለውጥ እኛ ከመንገዱ ዳር ወርደን ስንዴው በታጨደበት ማሳ ጠርዝ ላይ ቆምን። በገለባው ላይ እጅግ ብዙ ትንንሽ ቡናማ ወፎች እየተነሡ ይቀመጣሉ። ልጃችን ደብተሯን አወጣች። እስከዚያ ድረስ 87 ዓይነት ወፍ ጽፋ ነበርና አዲስ ነገር ለማግኘት ተስገብግባለች። ብዙም ሳይቆይ ግን «ድንቢጦች ናቸው» ብላ ደብተሯን ዘጋች።

«ድንቢጥስ አይደሉም» አለ አስጎብኚው። «እነዚህ የመስቀል ወፎች ናቸው።»

ማናችንም አላመንነውም። የመስቀል ወፍ ማለት በአደይ አበባው መካከል እንደ ፍም የሚበራው፣ ጥቁር ከቢጫ ወይም ጥቁር ከቀይ የለበሰው ነው እንጂ ይህ አቧራ የመሰለ ፍጥረት ሊሆን አይችልም አልነው። እርሱ ግን መነጽሩን ለአባቷ ሰጥቶ እየጠቆመ አስረዳን። ያ የሚያምረው ላባ ወንዱ ዝናሙ ሲገባ ለእርባታ ወቅት ብቻ የሚለብሰው ነው። መስከረም አልፎ ጎጆው ሲበተን ያን ላባ ያራግፍና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። ከአካባቢው ርቆ አይሄድም፤ ከመንጋው ጋር በየማሳው ፍሬ እየለቀመ ይከርማል። አስጎብኚው ወደ ልጃችን ጎንበስ ብሎ «የትም አይሄዱም እኮ፣ የኔ እኅት። እኛ የምናውቀው የክት ልብሳቸውን ብቻ ስለሆነ፣ የዘወትሩን ለብሰው በአጠገባችን ሲያልፉ አንለያቸውም» አላት።

ልጅቷ መነጽሩን ተቀብላ፣ አባቷ እንዳስተማራት በመጀመሪያ በባዶ ዐይኗ ፈልጋ፣ ከዚያም ሳትነቅል ወደ ዐይኗ አምጥታ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ጎማው ተለውጦ ሹፌሩ ጡሩንባ ሲነፋ እንኳን አልሰማችም።

ያን ሌሊት ባደርንበት ቤት አባቷ ጫማውን ሲፈታ ከጎኑ ተቀመጠችና «አባዬ፣ እዚያ ስትሆን የት ነው የምትተኛው?» አለችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጠየቀችው ነገር ነበር። የድንኳኑን ነገር ነገራት። ማን ቡና እንደሚያፈላ፣ ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ ሲያመው ማን እንደሚያስታምመው፣ ሌሊት ሲበርደው ምን እንደሚደርብ ሁሉን በየተራ ጠየቀችው። በመጨረሻ «እዚያ ወፍ አለ?» አለች። አባቷ ብዙ አሰበ። «አለ መሰለኝ፤ ልብ ብዬ አላየሁም» አላት።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ይህን የመሰለ ጉዞ ለማድረግ ለሚያስቡ ቤተሰቦች የተማርነውን በአጭሩ እንናገር። ገንዘብ ካነሰ ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ሆኖ ማዋጣት ይቻላል። የአካባቢው ተወላጅ የሆነ አስጎብኚ መያዝ የመጀመሪያው ነገር ነው፤ ያለ እርሱ ግማሹን እንኳን አናይም ነበር። ወደ ደጋው ለሚወጡ ልጆች ካፖርትና ካልሲ አይረሳ፤ ከፍታውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው አንድ ሌሊት እያደሩ ቢወጣ ራስ ምታቱ ይቀንሳል። ደማቅ ልብስ አይለበስ፤ ወደ ጎጆ አይቀረብ፤ ወንጭፍ የያዘ ልጅም ወንጭፉን ከቤት ይተው። መሄድ ያልቻለ ቤተሰብም ከሰፈሩ አጥር ሥር፣ ከቧንቧው ዳር፣ ከኳስ ሜዳው ጠርዝ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይዞ ይጀምር። ጎረቤቶቻችን እንዳሉት ወፍ ከጣራችን ላይ ሞልቷል፤ ስሙንና አመጣጡን ግን አናውቅም ነበር።

የቤታችን አባወራ ፈቃዱ ሲያልቅ ወደ ግዳጁ ተመለሰ። በር ድረስ የሸኘችው ልጁ ናት። ከዚያ ወዲህ ስልክ በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ወፎቹ ነው። ያቺ ጅራተ ወዝዋዛ ቢጫ ወፍ በእርሱም ሰፈር በውኃ ቦቴው ሥር ትውላለች፤ በእኛም ሰፈር ከከብቶቹ ጋር ትታያለች። በመጋቢት መጨረሻ አንድ ቀን «እዚህ ዛሬ አላየኋትም» አላት። ልጃችን ሮጣ ወደ ሜዳው ወጥታ ተመለሰችና «እዚህም የለችም፤ ሄዳለች ማለት ነው። ቡናማዎቹ ግን አሉ» አለችው።

ደብተሩ አሁን ከቤታችን መደርደሪያ ላይ ነው። በመጨረሻው ገጽ በተጣመመ ፊደል እንዲህ ተጽፏል፦ «88. የመስቀል ወፍ። አዳባ። ልብሱ ቡናማ።»